የቀበሮው ዶክተሮችና የቀበሮው ዘበኞች

በአገራችን የዱር አራዊት ነገር በተነሣ ቁጥር የሚቀድመው ጥያቄ «ስንት ቀረ?» የሚል ነው። ስንት ዋልያ ቀረ? ስንት ቀይ ቀበሮ ቀረ? ስንት ዝሆን ቀረ? ጥያቄው ተገቢ ነው። የቀይ ቀበሮው መልስ ከ500 በታች መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ደግሞ የሚያስደነግጥም ነው። እኔ ግን ዛሬ አንባቢዬን ወደ ሌላ ቆጠራ ልወስደው እወዳለሁ። በዚህ ቀበሮና በዚህ ዋልያ ስም ስንት ሰው ዶክተር ሆነ? ስንት ሰው ዳይሬክተር ሆነ? ስንት ሰው «አማካሪ» ተብሎ በውጭ ምንዛሪ ተከፈለው? ስንቱስ በ25 ዓመቱ ስካውት ሆኖ ገብቶ በ60 ዓመቱ ስካውት ሆኖ ወጣ?

መከራከሪያዬን ከወዲሁ ላስቀምጠው። የተፈጥሮ ጥበቃ በኢትዮጵያ ሙያ የሆነው ከተራራው ለሚወርዱት ነው። እዚያው ለሚቀሩት ከዘበኝነት ከፍ ብሎ አያውቅም። ሙያ ማለት መግቢያ ብቻ ሳይሆን መውጫ ደረጃም ያለው ነገር ነውና፣ ዕድሜ ልኩን በአንድ እርከን ላይ የሚቆም ሰው ባለሙያ ሳይሆን ተቀጣሪ ብቻ ነው። የዚህም ተጠያቂ፣ ብዙዎቻችን ማለት እንደምንወደው፣ ፈረንጁ ብቻ አይደለም።

ከአመጣጡ ልጀምር (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1963 እውቁ የሥነ ሕይወት ሊቅ ሰር ጁልያን ሐክስሊ ያሉበት የዩኔስኮ ልዑክ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ አገሪቱ ብሔራዊ ፓርኮች እንዲኖሯት መከረ። ብዙም ሳይቆይ የዱር አራዊት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ አማካሪውም ጆን ብሎወር የሚባል እንግሊዛዊ ሆነ። በ1967 ክላይቭ ኒኮል የተባለ የዌልስ ተወላጅ፣ ገና 30 ዓመት ያልሞላው ጎበዝ፣ የስሜን ተራሮች የመጀመሪያው ዋርደን ሆኖ ተሾመ። በ1969 ስሜንና አዋሽ በአዋጅ ብሔራዊ ፓርክ ሆኑ። ኒኮል በስሜን የቆየው ሁለት ዓመት ያህል ነበር። ከዚያ ወጥቶ ስለ ቆይታው መጽሐፍ ጻፈ፣ ጃፓን ገብቶ ስመ ጥር ደራሲ ሆነ፣ የጃፓን ዜግነት ወሰደ፣ በ2020 እዚያው አረፈ። ሰውዬው ሠርቷል፣ ደክሟል፤ መጽሐፉም መጽሐፍ ነው፤ አላማውም። የምጠይቀው ስለ ሌሎቹ ነው። በዚያ ገደል ላይ ከእርሱ ፊት ፊት መንገድ እየመሩ የሄዱት፣ ዋልያው በየትኛው ሰዓት በየትኛው ገመገም እንደሚወጣ ያሳዩት የጃናሞራና የደባርቅ ሰዎች ምን ሆኑ? በስካውት የተጻፈ መጽሐፍ እኔ እስከ ዛሬ አላየሁም። እናንተ ካያችሁ ንገሩኝ።

ወደ ባሌ እንሂድ። የቀይ ቀበሮን ነገር ዓለም ያወቀው በአመዛኙ በባሌ ተራሮች በተደረገ ጥናት ነው። ክላውዲዮ ሲሌሮ የሚባል የአርጀንቲና ተወላጅ በ1980ዎቹ መጨረሻ ለኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናቱን ሊሠራ ወደ ሳነቴ አምባ ወጣ። በ1991 እና 1992 የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎቹን ፈጃቸው። በ1995 የቀይ ቀበሮ ጥበቃ መርሐ ግብር ተመሠረተ። በ2003 በሽታው ተመልሶ ሲመጣ ለቀበሮዎቹ ለራሳቸው ክትባት ተሰጠ። በመንደሮቹ የውሾች ክትባት ሲካሄድ ኖሯል። ሲሌሮን ከሌሎቹ የሚለየው ዲግሪውን ጭኖ አለመጥፋቱ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ከዚህ ሥራ ጋር ኖሯል፤ ምስጋና ይገባዋል፤ እኔም አመሰግነዋለሁ።

ነገር ግን የሥራውን ውስጠኛ ክፍል እንመልከት። በሽታ መግባቱ የሚታወቀው ሬሳ ሲገኝ ነው። ሬሳውን የሚያገኘው ማነው? ከባሕር ወለል በላይ 4000 ሜትር በሆነ አምባ ላይ፣ ውርጭ መሬቱን ነጭ ባደረገበት ማለዳ፣ በፈረስ ሆኖ መንጋ መንጋውን የሚከታተለው የአገሬው ሰው ነው። ቀበሮዎቹን በመልክ ያውቃቸዋል። የትኛዋ እናት የትኛው ጉድጓድ ውስጥ እንደ ወለደች ያውቃል። ኦሮሞው እንስሳውን «ጀዳላ ፈርዳ»፣ የፈረስ ቀበሮ፣ ብሎ የጠራው በጥናት ሳይሆን አብሮ ኖሮ አይቶ ነው። ይህ ሰው ሬሳውን አግኝቶ ባይናገር ናሙና የለም፤ ናሙና ከሌለ የላቦራቶሪ ውጤት የለም፤ ውጤት ከሌለ ጽሑፉ የለም። ጽሑፉ ሲወጣ ግን የዚህ ዓይነቱ ሰው ስም በአብዛኛው የሚገኘው፣ ከተገኘ፣ መጨረሻ ላይ በምስጋናው አንቀጽ ውስጥ ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ «ለስካውቶቹ» ተብሎ በጅምላ። በሰው ምድር ልጇን ትድር እንዲሉ።

እዚህ ላይ ፈረንጅ ጠል የሆነው አንባቢዬ ማጨብጨብ ጀምሮ ይሆናል። ይቆይ፤ የእኛው ነገር ይብሳል።

በአገራችን የደንና የዱር አራዊት ትምህርት የሚሰጥባቸው ቦታዎች አሉ፤ ቀደምቱና ስመ ጥሩ ወንዶ ገነት ነው። ወደዚያ ከሚገቡት ልጆች ስንቶቹ ዱር ወድደው ይገባሉ? በእኛ የምደባ ሥርዓት ትምህርት የሚመረጥ ብቻ ሳይሆን የሚደርስም ነገር ነው። ሕክምና ያልደረሰው፣ ምሕንድስና ያልደረሰው፣ «ዱር አራዊት ደረሰኝ» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ለቤተሰቡ ይናገራል። አባቱም «ለጅብ ዘበኛ ልትሆን ነው እንዴ?» ይለዋል። ይህ ልጅ ተመርቆ ወደ ማጎ ወይም ወደ ጋምቤላ ሲመደብ የሚያስበው ምን እንደ ሆነ መገመት አያቅትም፤ መመለሻውን ያስባል። ሁለት ዓመት ይታገሣል፣ የማስተርስ ዕድል ይፈልጋል፣ አዲስ አበባ ይገባል፣ ከገባ አይወጣም። አልፈርድበትም። ሥርዓቱ ያስተማረው አንድ ሕግ ነው፤ ከእንስሳው በራቅህ መጠን ደመወዝህ ያድጋል። ፓርክ ውስጥ ያለው ከወረዳው ያንሳል፣ ወረዳው ከክልሉ ያንሳል፣ ክልሉ ከአዲስ አበባ ያንሳል፣ አዲስ አበባ ያለው የመንግሥት ባለሙያ ደግሞ በውጭ እርዳታ ከሚንቀሳቀሰው ድርጅት ሠራተኛ ያንሳል። ከሁሉ የሚበልጠው ዋልያን በፎቶግራፍ ብቻ የሚያውቀው ነው።

ከአበሉ ልጆች ጋርም ተዋውቀናል። የአንድ ፓርክ የአስተዳደር ዕቅድ በሚመከርበት ዐውደ ጥናት ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ፤ ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል፣ ሦስት ቀን ሙሉ። «የማኅበረሰብ ተሳትፎ» የሚለው ሐረግ ስንት ጊዜ እንደ ተነገረ ቆጥሬ ቆጥሬ ደከመኝ። በአዳራሹ ውስጥ ከፓርኩ የመጣ አንድም ስካውት፣ ከፓርኩ አጠገብ የሚኖር አንድም ገበሬ አልነበረም። በሻይ ሰዓት ይህን ለአንድ ኃላፊ ባነሣለት የትራንስፖርት በጀት አለመኖሩን በትሕትና አስረዳኝ። ለእኛ ለሰባ ሰዎች ግን ነበረ።

ስካውቱስ? የሚጠብቀው ከራሱ ሰው ነው። ይህን የከተማው አንባቢ ልብ ይለው ዘንድ እሻለሁ። ከብቱን ወደ ፓርኩ የሚያስገባው የአክስቱ ልጅ ነው፤ እንጨት የምትቆርጠው የጎረቤቱ ሚስት ናት። ቢይዛቸው ለቀብርና ለሠርግ የሚፈልጋቸው ዘመዶቹ ይቀየሙታል፤ ቢለቃቸው አለቃው ይቀጣዋል። አዳኝ ቢተኩስበትና መልሶ ቢተኩስ ፍርድ ቤት የሚቆምለት ጠበቃ ማነው? በሥራ ላይ እያሉ በጥይት የወደቁ ስካውቶች በየፓርኩ አሉ፤ የስማቸው ዝርዝር የተቀረጸበት ድንጋይ በአዲስ አበባ የት እንደሚገኝ የሚያውቅ ካለ ይምራኝ። ዓለም በየዓመቱ ሐምሌ 24 ቀን የፓርክ ጠባቂዎችን ቀን ያከብራል። ዕለቱ በእኛ አገር ምን ያህል ሰው እንደሚያስታውሰው ደፍሬ አልናገርም።

በ1991 ደርግ ሲወድቅ የፓርኮቹ ጽሕፈት ቤቶች ተዘረፉ፣ ፈረሱ። የባሌው የደጋ አጋዘን በብዛት ተገደለ። ያንን ሁሉ ከምድር ጀምረው ያቀኑት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። በ2019 ስሜን ተራሮች ሲቃጠሉ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ፤ ሁለቱንም እናመስግን። ይሁንና ሄሊኮፕተሩ እስኪደርስ ድረስ ለቀናት ቅጠል ቆርጠው፣ አፈር ዝቀው ከእሳቱ ጋር የተናነቁት ስካውቶችና የአካባቢው ሕዝብ ናቸው። በዜናው ላይ የታየው ሄሊኮፕተሩ ነው። ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ። በ2021 ውጊያው ወደ ደባርቅ አቅጣጫ ተጠጋ፣ ቱሪስት ጠፋ፣ የዋልያም ቁጥር ክፉኛ ማሽቆልቆሉ ተነገረ። ያን ጊዜ ተራራው ላይ የነበረው ማን ነበር? የባለ ዲግሪዎቹ ዋስትና በከተማ ነው፤ የስካውቱ ዋስትና ያው ተራራው ነው።

* * *

እስካሁን የተናገርሁት የእንጀራ ነገር ነው። ከእንጀራው የሚከብድ ግን አለ። አንድ ሰው ባለሙያ ነው የሚባለው «ይህ አይሆንም» ለማለት ሥልጣን ሲኖረው ነው። ሐኪም «ይህ መድኃኒት ይገድለዋል» ካለ ማንም ካድሬ አይሽረውም፣ ቢያንስ መሻር የለበትም። የዱር አራዊት ባለሙያው ግን እንዲህ ያለ ቃል ኖሮት ያውቃልን?

በ2007 ለባዮ ነዳጅ የሚሆን ጉሎ ሊያለማ የመጣ የጀርመን ኩባንያ መሬት ተሰጠው። መሬቱ ከባቢሌ የዝሆን መጠለያ ጋር የተደራረበ ሆኖ ተገኘ። መጠለያው በካርታ ላይ ያለ ነው፤ ዝሆኖቹም ተደብቀው አልነበረም። በ2011 የኦሞ ኩራዝ ስኳር ልማት ሲጀመር የሸንኮራው መሬት ወደ ኦሞና ማጎ ፓርኮች ክልል ገባ። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ይህን የሚያውቁ፣ በወረቀት ላይ ሊያስረዱ የሚችሉ ሰዎች አልነበሩም ብዬ አላምንም። ነበሩ፤ ግን ቃላቸው ከጠረጴዛቸው አላለፈም። መሥሪያ ቤቱ ራሱ ከሚኒስቴር ወደ ሚኒስቴር ሲንከባለል፣ ፓርኮቹም ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ፌዴራል ሲወረወሩ የኖሩ ናቸው። ነገ የማን እንደሚሆን የማያውቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ዛሬ «አይሆንም» ብሎ መፈረም ጀግንነት እንጂ ሙያ አይደለም፤ አገርን ደግሞ በጀግና ብቻ ማስተዳደር አይቻልም።

«አይሆንም» ለማለት አቅም ያጣው ይህ ጥበቃ በድኻው ላይ ሲሆን ግን ክንዱ ይበረታል። በ2004 ነጭ ሣርን ለአንድ የውጭ ድርጅት፣ ለአፍሪካን ፓርክስ፣ ለማስረከብ ሲዘጋጁ የጉጂ ኦሮሞ አርብቶ አደሮች ጎጆዎች ተቃጠሉ። ድርጅቱ ሰፈራው የመንግሥት ጉዳይ ነው ባይ ነበር። በ2008 ጠቅልሎ ወጣ፤ ኦሞንም ጭምር ትቶ። ባለሙያዎቹ ወደ ሌላ አገር ፓርክ ተዛወሩ፤ ይህ በሥራ ልምድ ማስረጃ ላይ «ኢትዮጵያ፣ ሦስት ዓመት» ተብሎ የሚጻፍ ነው። ጎጆው የተቃጠለበት ሰው ግን የሚዛወርበት ቦታ አልነበረውም። በ2016 ከስሜን ተራሮች የግጭ መንደር ከ400 በላይ አባወራዎች ወደ ደባርቅ ወረዱ፤ በ2017 ስሜን ከዩኔስኮ የአደጋ መዝገብ ወጣ። የመንደሩ መነሣት ለሣሩና ለዋልያው ምንም አልጠቀመም ማለቴ አይደለም። የምለው፣ ሪፖርቱን የጻፉት ሲመሰገኑበትና ሲሾሙበት፣ ገብሱንና ከብቱን ትቶ ከተማ ዳር የተቀመጠው የግጭ ገበሬ ለዚያ ስኬት የከፈለው በሪፖርቱ ውስጥ አንድ መስመር መሆኑን ነው።

«ሕዝብ እየተራበ አንተ ስለ ቀበሮ ትጽፋለህ» የሚለኝ ወዳጅ አለኝ፤ ይህንንም አንብቦ ይደግመዋል። ከባሌ ተራሮች የሚወርዱት ወንዞች፣ እነ ዋቢ ሸበሌ፣ እነ ገናሌ፣ እነ ወይብ፣ በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ቆላ የሚኖሩ 12 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ተስፋ የሚያደርጉባቸው ናቸው። የቀበሮው ዘበኛ የውሃው ዘበኛ ነው። ይህን ካልተረዳን ገና ከመነሻው አልተግባባንምና እንለፈው።

ይልቅ የተሻለ ነገር ታይቶ እንደሚያውቅ ላንሣ። መንዝ ውስጥ ጓሳ የሚባል ደጋ አለ። የመንዝ ሰው ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሣሩን መቼ እንደሚያጭድ፣ ከብቱን መቼ እንደሚያስገባ፣ መቼ እንደሚዘጋው በ«ቄሮ» ሥርዓት ሲያስተዳድረው ኖሯል (ከቅርቡ የፖለቲካ ቄሮ ጋር እንዳይምታታብን)። መብቱ ከአቅኚዎቹ አባቶች ከአስቦና ከጌራ በአጽመ ርስት የሚወረስ ነበር፤ አለቃውም «አባ ቄራ» የሚባል፣ ሕዝብ የሚመርጠው ሰው ነበር። ሣሩ የቤት ክዳንና የገመድ ምንጭ ነበር፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም በዚያው ተረፉ። በ1975 የመሬት አዋጁ ርስቱን ሲሽር ሥርዓቱም አብሮ ፈረሰ። ዘለዓለም ተፈራ የሚባል ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ የዶክትሬት ጥናቱን በዚህ ላይ ሠራ። የእርሱን ጥናት የምወድደው አጥኚው «አገኘሁ» ከማለቱ በፊት «ነበራችሁ» ስላለ ነው። ሕዝቡ ሥርዓቱን በአዲስ መልክ አቆመ፣ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆነ፣ ማኅበረሰቡ ራሱ የሚያስተዳድረው ማረፊያ ቤት አለው። ጥናቱ ዲግሪም ሰጥቷል፤ ጓሳንም ጠቅሟል። ሁለቱ አይጣሉም።

ጎረቤት ኬንያን ብንመለከትም የዱር አራዊት አገልግሎቷ ዘብ ወታደራዊ ማዕረግ ያለው ነው፤ ማንያኒ የሚባል ማሠልጠኛ አለው፤ ተራ ዘብ ሆኖ የገባ ሰው አሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ እያለ ይወጣል። በኬንያም ሁሉ መልካም አይደለም፤ ከሕዝቡ ጋር ያለው ቁርሾ ከእኛ አይተናነስም። ግን ቢያንስ መሰላል አለ። የእኛ ስካውት የትኛውን እርከን ነው የሚረግጠው? እኔ የሚታየኝ መሰላል የመዘርጋት ድካም ዝቅተኛ ነው፤ የሎጅ ሪባን ከመቁረጥ ይቀላል። ባለፉት ዓመታት በጨበራ ጩርጩራ ሳይቀር በዝሆኖቹ አገር የሚያምር ሎጅ ተሠርቷል። ይሠራ፤ አገር ታየት። ግን የፓርኩ ስካውት የሚያድርበት ጣራ ከዚያ ሎጅ መታጠቢያ ቤት ጋር ሲነጻጸር ምን እንደሚመስል ከመራቂዎቹ መካከል የጠየቀ ሰው ነበር ይሆን?

ስለዚህ የምጠይቀው ጥቂት ነው። ስካውትነት የደረጃ ሰንጠረዥ ይውጣለት፤ ሃያ ዓመት ቀበሮ የተከተለ ሰው የመስክ ባለሙያ ተብሎ ይሰየም፤ የወረቀት ማስረጃ ባይኖረውም ዕውቀቱ ተፈትኖ ይታወቅለት። በሥራ ላይ ለሞተው ቤተሰብ ደጅ ሳይጠና የሚደርስ ካሣ ይወሰን። ወንዶ ገነትና መሰሎቹ በየዓመቱ የተወሰነ ቦታ ከፓርኮች አዋሳኝ ቀበሌዎች ለሚመጡ ልጆች ይያዙ፤ የዲንሾና የጃናሞራ ልጅ «ዱር አራዊት ደረሰኝ» ብሎ አንገቱን አይደፋም፣ ወደ ቤቱ ሊመለስ ነውና። የጥናት ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤትም፣ አጥኚው ፈረንጅም ይሁን አበሻ፣ አንድ ግዴታ ይጨምር፤ መረጃውን የሰበሰቡት የፓርኩ ሰዎች በስማቸው፣ ከጸሐፊዎቹ ተርታ ይጻፉ፤ የጽሑፉም ፍሬ ነገር በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ ተተርጉሞ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። ይህ የመጨረሻው በጀት አያስፈልገውም። በፈቃዱ ወረቀት ላይ ሁለት መስመር መጨመር ነው፤ በሚቀጥለው ወር ሊጀመር ይችላል።

ቸር እንሰንብት።